ድምፅ ጸሐፊው ጋሽ አስፋው

የጋሽ አስፋው ልጅ ሊያ የደወለችልኝ ሐሙስ ጠዋት ነው። ሥራ ላይ ነበርኩ። የምሠራው ሆስፒታል ላቦራቶሪ ውስጥ ስለሆነ ጓንቴን አውልቄ እስክደርስ ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ቆመ። ኮሪደር ወጥቼ መልሼ ደወልኩ።

«ማህሊ፣ አባዬ አረፈ» አለችኝ።

ቀጥላም፣ «ዛሬ ንጋት ላይ። ተኝቶ ሳለ ነው። አዎ፣ ተኝቶ ነው» አለችና የቀረውን በኖርዌይኛ ነገረችኝ። ኦስሎ ተወልዳ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን የዚያን ቀን የበቃት አልመሰለኝም።

ቀብሩ በሚቀጥለው ሳምንት ሆነ። የመጣው ሰው ብዙ አልነበረም። ቄሱ የሕይወት ታሪኩን ከአንድ ወረቀት ላይ አነበቡ። አዲስ አበባ ተወልዶ፣ በስደት ኖርዌይ መጥቶ፣ በአንድ ማተሚያ ቤት በጽዳት ሠራተኛነት፣ «ከዚያም በልዩ ልዩ ሥራ» አገልግሎ ጡረታ ወጣ ተባለ። ሊያ አጠገቤ ቆማ ነበር። እጄን ጨበጠችና በጆሮዬ፣ «እኔ ነኝ እንደዚያ ብዬ የሰጠኋቸው። በአማርኛ ምን እንደሚባል አላወቅኩም» አለችኝ።

እውነቷን ነው። የጋሽ አስፋው ሥራ በአማርኛ ስም የለውም። በ«ልዩ ልዩ ሥራ» ውስጥ ግን ከሃያ ዓመት የሚበልጥ ዕድሜው ተቀብሮ እንዲቀር አልፈለግኩም። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው።

የኮሚክ መጽሔት ስትከፍቱ ሥዕሉን የሣለ ሰው አለ፤ ታሪኩን የደረሰ ሰው አለ። ባለታሪኮቹ ሲናገሩ ከአፋቸው አጠገብ ነጭ አረፋ ይሣላል፣ ንግግራቸውም እዚያ ውስጥ ይሰፍራል። ያንን ንግግር አንድ በአንድ በእጁ የሚጽፍ ሌላ ሰው ነበረ። ኦስሎ በነበረ አንድ አሳታሚ ቤት ውስጥ ያ ሰው ጋሽ አስፋው ነበር። ከአሜሪካና ከአውሮፓ የሚመጡት ኮሚኮች ወደ ኖርዌይኛ ይተረጎማሉ፤ የባዕዱ ቋንቋ ከአረፋው ይፋቃል፤ ከዚያ ጋሽ አስፋው ብዕሩን ይዞ ይቀመጣል። የዚህ አገር ልጆች በየሳምንቱ ያነቡት የነበረው ጀግና ሲዝትም፣ ሲያለቅስም፣ ሲሞትም በጋሽ አስፋው እጅ ነበር። ስሙ ግን አንድም ቀን መጽሔቱ ላይ ወጥቶ አያውቅም።

ወደ ሥራው የገባው በአጋጣሚ ነው። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ውስጥ የሱቅና የምግብ ቤት ታፔላ ይጽፍ ነበር። እዚህ መጥቶ ማተሚያ ቤቱን ሲያጸዳ፣ በምሳ ሰዓት ከቆሻሻ ቅርጫት የተጣሉ ገጾችን እያነሳ ፊደሉን አስመስሎ ይገለብጣል። አንድ ቀን የክፍሉ ኃላፊ የተገለበጠውን አይቶ የራሳቸው ጸሐፊ የሠራው መሰለው። ጸሐፊው ደግሞ በዚያ ሰሞን ታሞ ቀርቶ ነበር። ጋሽ አስፋው መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፤ በዚያው ቀረ።

ችግሩ ኖርዌይኛ ገና አለማወቁ ነበር። የሚጽፈውን ቃል ትርጉም ሳያውቅ ነበር የሚጽፈው። ቋንቋውን የተማረው ከአረፋዎቹ ስለሆነ አፉ ላይ የገባው የካውቦዮች፣ የወንበዴዎችና የመርማሪዎች ኖርዌይኛ ነው። አንድ ጊዜ ስለ መኖሪያ ቤት ጉዳይ ኮሙን በሚባለው ማዘጋጃ ቤት ቀጠሮ ነበረው። ሠራተኛዋ ከወንበሯ ተነስታ ስትጨብጠው በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «በመጨረሻ ተገናኘን» አላት። ወንበዴ ባላንጣውን ጥግ ሲያስይዝ የሚለው ነገር መሆኑን የተረዳው ሴትየዋ አንድ እርምጃ ወደኋላ ስትል ነው። ይህን ሲያወራልን እኛ በሳቅ ስንፈርስ እሱ አይስቅም ነበር። «ቤቱን ግን ሰጠችኝ» ብቻ ይላል።

እኔ እሱን ያወቅኩት ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ነው። ግሮሩድ በሚባል የኦስሎ ሰፈር ባለ አንድ የወጣቶች ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ኮሚክ የሚሣሉ ልጆች ይሰበሰቡ ነበር። ጋሽ አስፋው ከሚኖርበት ከላምበርትሴተር በከተማው ባቡር፣ በቲባነ፣ ከተማውን አቋርጦ ይመጣና በነፃ ያስተምራል። እኔም በዚያው መስመር ጫፍ፣ ቬስትሊ፣ ከእናቴ ጋር ነበር የምኖረው። የላቦራቶሪ ትምህርቴ ሁለተኛ ዓመት ላይ ነበርኩ። በትርፍ ጊዜዬ በየሳምንቱ አንድ አንድ ክፍል እየሣልኩ ኢንተርኔት ላይ በኖርዌይኛ የማወጣው ኮሚክ ነበረኝ፤ ስሙ «ትርሲት» ነው። ትርሲት የኮሙኑ የቤት ለቤት ረዳት ናት። በየክፍሉ የአንድ አረጋዊ ቤት ቁልፍ ከፍታ ትገባለች፣ ታጥባለች፣ ታበላለች፣ ትወጣለች። ሥራው የእናቴ ሥራ ነው፤ ታሪኩንም ከእናቴ እየሰማሁ ነበር የምሠራው።

የመጀመሪያው ቀን ገጹን በታብሌቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ በጣም ቆየ። ከዚያ በጣቱ ወደ አንድ አረፋ ጠቆመ።

«ይህች ሴትዮ እያንሾካሾከች ነው ወይስ እየጮኸች?»

«እያንሾካሾከች» አልኩት።

«ፊደሉ ግን እየጮኸ ነው።»

ፊደሉ ከኮምፒውተር የወሰድኩት ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚጠቀምበት። እንዲያስረዳኝ ልጠይቀው ፈለግኩና አንቱታው ተምታታብኝ። ቤታችን ውስጥ አንቱ የሚባል ሰው ስላልነበረ አፌ አልለመደውም። «እርስዎ ልታሳየኝ ትችላለህ?» አልኩት።

ከልቡ ሲስቅ ያየሁት ያን ዕለት ነው። «አንዱን ምረጪና እንሂድ» አለኝ። አንተን መረጥኩ፤ እስከ መጨረሻው በዚያው ሄድን።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ የትርሲትን አረፋዎች የሚጽፈው እሱ ሆነ። ገጹን አትሜ እሰጠዋለሁ፤ ስስ ወረቀት ደርቦበት ይጽፋል፤ ስካን አድርገን ሥዕሉ ላይ እናስገባዋለን። ከመጻፉ በፊት እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በለሆሳስ ያነበዋል። የብዕሩን ጫፍ በግራ እጁ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ስለሚጠርግ የሸሚዞቹ ሁሉ ግራ እጅጌ ጥቁር ነበር። አረፋው ሲጠብበት፣ «ሰውየው የሚተነፍስበት ቦታ ተዪለት እንጂ» ይለኛል። ሥራው ሲያምር ያመሰገንኩት እንደሆነ ግን ቅር ይለዋል። «አንባቢው ፊደሉን ካየው እኔ አልሠራሁም ማለት ነው። መስማት ነው ያለበት» ይል ነበር።

አንድ ክፍል ውስጥ ትርሲት ከእናቷ ጋር በአማርኛ በስልክ ትጣላለች። ጋሽ አስፋው ያን ያህል ዓመት አረፋ ሲጽፍ አንድም ጊዜ በአማርኛ ጽፎ አያውቅም ነበር። ብዕሩን አንስቶ ቆመ። በላቲኑ ጩኸት የሚጻፈው ትልቁን ፊደል አወፍሮ፣ አዘንብሎ ነው። «የኛ ትልቅም ትንሽም የለው» አለ። «አማርኛ እንዴት ነው የሚጮኸው?» ያን ገጽ ወደ ቤቱ ይዞት ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲያመጣው የየፊደሉ እግር ረዝሞ፣ ከመስመሩ ወርዶ፣ ወለል የሚረግጥ ይመስል ነበር። እናቴ ገጹን ስታየው፣ «ይህቺ ልጅ እናቷን እንዲህ ነው የምትናገረው?» ብላ ተቆጣች። ይህን ለጋሽ አስፋው ስነግረው ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎት ሰነበተ።

ከሥራው እንዴት እንደወጣ የነገረኝ ከተዋወቅን ዓመት ካለፈን በኋላ ነው። የመጽሔት አንባቢ በየዓመቱ እየቀነሰ ነበር። ኪዮስኮቹ መደርደሪያውን ለጣፋጭ ሰጡት። አሜሪካ ያሉት አሳታሚዎችም አዲስ ሰው ከመፍጠር ይልቅ የድሮዎቹን ጀግኖች እያገላበጡ መኖር ጀመሩ። «የፈጠሯቸው ሰዎች አርጅተው ሞቱ፤ ጀግኖቹ እስከ ዛሬ ሠላሳ ዓመታቸው ነው» ይል ነበር ጋሽ አስፋው። በዚያን ጊዜ አንድ ወጣት ባለሙያ ባዶ ወረቀት አምጥቶ፣ እያንዳንዱን ፊደል ሦስት ሦስት ጊዜ እንዲጽፍለት ጠየቀው። ለመታሰቢያ የሚያስቀምጡት መሰለው።

«ደስ ብሎኝ ነው የጻፍኩላቸው» አለኝ። «ጥሩውን ቀለም አውጥቼ።»

ከጥቂት ወራት በኋላ የእጅ ጽሕፈቱ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ። ማንም ሰው ቁልፍ ሲጫን የጋሽ አስፋው ፊደል ይወጣል። ጋሽ አስፋውን ኬክ ቆርጠው አሰናበቱት።

ከዚያ በኋላ ለዓመታት ያልጻፋቸው መጽሔቶች በእሱ እጅ ተጽፈው ይወጡ ነበር። በየወሩ አንድ እየገዛ ያያቸው ነበር። «እኔ A ስጽፍ ሁለቱ ተመሳስለው አያውቁም። አንዱ ሲቸኩል ነው፣ አንዱ ሲደክመው ነው» አለኝ። «እዚያ ላይ ግን ሁሉም አንድ ነው። ልክ አስከሬኔን ያየሁ መሰለኝ።» ይህን ያለው በቁጣ አልነበረም። ብሎ ሲጨርስ ብዕሩን ጠረገና ወደ ገጹ ተመለሰ።

አሁን የሚከብደኝ ቦታ ላይ ደረስኩ።

ትርሲት አንባቢ እያበዛች ሄደች። አንድ ቀን ከአሜሪካ ደብዳቤ መጣልኝ። በስልክ የሚነበቡ ኮሚኮችን የሚያወጣ ኩባንያ ነው፤ ትርሲትን ሊወስዳት ፈለገ። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ከተቀጠርኩበት ላቦራቶሪ ወጥቼ ሙሉ ጊዜዬን ልሥል ነው፤ እናቴ በስልክ ለዘመድ ሁሉ ተናገረች። ውሉን ይዤ አንድ እሑድ ከሰዓት ላምበርትሴተር ጋሽ አስፋው ቤት ሄድኩ። እንግሊዝኛው ከባድ ነበር፤ ማስመሪያ ከመስመሩ ሥር እያደረገ አንድም ቃል ሳይዘል አነበበው። ባለታሪኳ የኩባንያው ንብረት ትሆናለች ይላል፤ ለዘላለም፣ በመላው ጠፈር፣ ወደፊት በሚፈለሰፍ መሣሪያ ሁሉ።

«በመላው ጠፈር» ብሎ ደገመው። «ጨረቃ ላይም የነሱ ናት ማለት ነው።»

«ሁሉም ውል እንደዚህ ነው የሚለው አሉኝ፣ ጋሽ አስፋው።»

«ልክ ነው፤ ሁሉም እንደዚህ ነው።» ወረቀቱን አስተካክሎ መለሰልኝ። «አትፈርሚ አልልሽም። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ። አንድ ቀን ትርሲት ደከመኝ ብትል፣ ሥራ ልልቀቅ ብትል፣ ማንን ነው የምታስፈቅደው?»

በሳምንቱ ፈረምኩ።

ኩባንያው መጀመሪያ የጻፈልኝ ነገር የአረፋዎቹን ጽሑፍ ከእንግዲህ እነሱ በኮምፒውተር እንደሚሠሩት ነው። ይህን ለጋሽ አስፋው መንገር ነበረብኝ። ባቡር ውስጥ የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ሄድኩ፤ ይቅርታ፣ በእጄ አይደለም፣ በኋላ እለምናቸዋለሁ የሚል። ላምበርትሴተር ገበያ ማዕከሉ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን ገና ግማሽ ሳልደርስ ገባው። እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«ፋይሉን በምን ያህል መጠን እንደሚፈልጉት ጠይቂልኝ» አለኝ። «በእጄ ያሉት ሦስት ገጾች አሉ። አስተካክዬ ልስጥሽ፣ እንዳይቸገሩ።»

ሦስቱን ገጾች በቀጠሮው ቀን አመጣቸው። እንደዚያ የጠራ ሥራ ከዚያ በፊት አላየሁበትም።

ከዚያ ያለውን ባጭሩ ልናገር፤ ስለ እኔ አይደለም የምጽፈው። በሳምንት ሁለት ክፍል ሣዪ ተባልኩ። የእጄ አንጓ አብጦ በፋሻ ታስሮ ነበር የምሠራው። ትርሲት የማታደርገውን እንድታደርግ፣ አንድ ቆንጆ ዶክተር እንድትወድ ታዘዝኩ፤ እንዲያ አደረግኳት። ዓመት ሳይሞላው ኩባንያው ለሌላ ተሸጠ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች የማያዋጡ ያሏቸውን ሁሉ አወረዱ። የትርሲት ገጽ ጠዋት ነበረ፤ ከሰዓት ጠፋ። መልሱልኝ ብዬ ጻፍኩ። መብቱ ከሌላው ንብረት ጋር ተላልፏል የሚል አንድ አንቀጽ መጣልኝ። ዛሬም ድረስ ትርሲት የምትባል የቤት ለቤት ረዳት መሣል አልችልም።

ወደ ላቦራቶሪው ተመለስኩ። ጋሽ አስፋውን ግን ከዓመት በላይ አላየሁትም። ምን ብዬ ልየው? ግሮሩድ መሄድ ተውኩ። አንድ ጊዜ ባቡር ውስጥ ከኋላው አይቼው በሚቀጥለው ጣቢያ ወረድኩ። የሕይወቴን አሳፋሪ ነገር ጥሪ ብባል የዚያችን ጣቢያ ስም ነው የምጠራው።

የጠራኝ ራሱ ነው። ሊያ ስልኬን ፈልጋ ደወለችልኝ። «አባዬ ትንሽ አሞታል። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ መራመድም አቅቶታል። ስለ አንቺ ይጠይቃል» አለች።

«ተቀይሞኛል?»

«ነይ» አለች በኖርዌይኛ፤ አይደለም ማለቷ ነው። «ያቺ ልጅ ብዕሯን ጣለች ወይ ነው የሚለኝ።»

በማግስቱ ሄድኩ። አልጋው ሳሎን ውስጥ ነበር። በጣም ከስቶ ነበር፤ ቀኝ እጁ ብርድ ልብሱ ላይ ሆኖ ብቻውን ይንቀጠቀጣል። ይቅርታ ልጠይቀው አፌን ስከፍት በግራ እጁ አቋረጠኝ።

«ተቀመጪ። አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ ሳልረሳው» አለኝ። «እኔ ጋ ጠዋት ጠዋት ከኮሙኑ ረዳት ትመጣለች። አንቺ ያንን ሁሉ ገጽ ስትሥዪ እናትሽ በር ከፍታ ስትገባ የምታየውን ነው የሣልሽው። ከበሩ ወዲህ ያለውን ሰውዬ አንድ ቀን ጠይቀሽው አታውቂም።»

ከዚያ ነገረኝ። ንጋት ላይ ነቅቶ ቁልፉ በሩ ውስጥ ሲገባ ለመስማት እንደሚጠብቅ። ከአገባቡ ዛሬ የመጣችው የትኛዋ እንደሆነች እንደሚያውቅ። ከመግባቷ በፊት በማይታዘዝለት እጁ ፀጉሩን ለማበጠር እንደሚሞክር። አንሶላው የረጠበ ቀን ተኝቶ ያላወቀ መስሎ እንደሚቆይ። አንዷ ሳትጠየቅ ስኒውን እጁ በሚደርስበት በኩል እንደምታስቀምጥለት፣ ያን ቀን ሙሉ ሰው ሆኖ እንደሚውል።

«ስሟን ወስደዋል» አለኝ በመጨረሻ። «ቤቱን ግን አልወሰዱም። ይህን ሣዪው።»

«ከበሩ ወዲህ» የተባለውን ኮሚክ የጀመርኩት እንደዚህ ነው። ባለታሪኩ አልጋ ላይ የዋለ ስም የሌለው ሽማግሌ ነው። ለማንም ኩባንያ አልሰጠሁትም፤ በራሴ ገጽ ነው የማወጣው። የመጀመሪያዎቹን ገጾች ይዤ ሄጄ አረፋዎቹን እንዲጽፍልኝ ለመንኩት።

«በዚህ እጅ?» አለኝ። «ፊደሉ እኮ ይታያል።»

«ይታይ።»

«አንባቢው ይረበሻል።»

«ሽማግሌው እንደዚህ አይደል የሚናገረው?» አልኩት።

መጻፊያ ሰሌዳ አምጪልኝ አለ። በቀን ግማሽ ገጽ ይጽፍ ነበር፤ ከዚያ በላይ አይችልም። መስመሩ ይወላገዳል፤ አንዳንዱ ፊደል ሁለት ቦታ ይሰበራል። ሳነበው ግን የሽማግሌው ድምፅ፣ ትንፋሹ መሃል ላይ የሚቆራረጠው፣ እዚያው ክፍል ውስጥ ይሰማኝ ነበር። ሥራው ሲወጣ ስሙን ከስሜ አጠገብ አደረግኩት። ሳሳየው አየት አድርጎ ስለ ቀጣዩ ገጽ ጠየቀኝ። በኋላ ሊያ እንደነገረችኝ ግን በየጠዋቱ፣ «ያንን ገጽ ክፈቺልኝ» እያለ፣ ታሪኩን ሳያነብ ስሙ ያለበትን ቦታ ብቻ አይቶ ስልኩን ይመልስላት ነበር።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ገጾች ይዤ የሄድኩት ከማረፉ ከአሥር ቀን በፊት ነው። ሽማግሌው የሚሞትበት ክፍል ነው። ረዳቷ አልጋው አጠገብ ቆማለች፤ እሱ ለብዙ ጊዜ ያልተናገረውን ሁሉ ይናገራል። ጋሽ አስፋው ጽሑፉን በለሆሳስ አነበበና እርሳስ አምጪ አለኝ።

«ብዙ ያወራል» አለ። «ሊሄድ ያለ ሰው ይህን ያህል አያወራም።»

በሚንቀጠቀጠው እጁ መስመሩን ሁሉ እየሰረዘ ወረደ። አምስት አረፋ ሙሉ የነበረው ንግግር ሁለት ቃል ብቻ ቀረው፦ «በሩን አትዝጊው።»

«ይህቺን ነገ እጽፋታለሁ፤ ዛሬ ደክሞኛል» አለኝ። በማግስቱ ትኩሳት ያዘው። ገጾቹ አረፋቸው ባዶ እንደሆነ ቀሩ።

ከቀብሩ በኋላ አንድ የሙያ ጓደኛዬ ሊረዳኝ ፈልጎ፣ ከድሮ ገጾቹ ፊደሎቹን ለቅሜ በኮምፒውተር ልሥራልሽ፣ ማንም አይለየውም አለኝ። አመሰገንኩትና አይሆንም አልኩት። እሱ ወረቀት ላይ ይጽፍበት የነበረውን ዓይነት ብዕር ገዛሁ። አንድ ቅዳሜ ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ እነዚያን ሁለት ቃላት ጻፍኩ። እጄ ጤነኛ ነው፤ ፊደሉ ግን እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ነበር የወጣልኝ። ደግሜ ደጋግሜ ጽፌ የመጨረሻውን አስገባሁና ገጾቹን አወጣኋቸው።

ማታውን ጥቂት አንባቢዎች ስለ ታሪኩ አመሰገኑ። በማግስቱ ጠዋት፣ የእሑድ ተረኛ ስለነበርኩ፣ ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ ስልኬን ከፈትኩ። ማን እንደሆነ፣ የት አገር እንደሚኖር የማላውቀው አንድ አንባቢ አንድ መስመር ጽፎ ነበር።

«እዚህ ላይ የሽማግሌው ድምፅ ተለወጠብኝ። ደህና ነው?»

መልስ ጀምሬ አጠፋሁ። እንደገና ጀምሬ አጠፋሁ። መውረጃዬ ሲደርስ እዚያው መድረኩ ላይ ቆሜ፣ ሰው በግራና በቀኜ እያለፈ፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት፦

«ድምፁ የአስፋው ይርዳው ነበር። ሁሉንም በእጁ የጻፈው እሱ ነው። በዚህ ወር አርፏል። የመጨረሻዎቹ ሁለት ገጾች የኔ ናቸው።»